የቀፎውን አፍ መስኮት ላሉት ለተከበሩ አቶ አሸናፊ

ለተከበሩ አቶ አሸናፊ
የወይራ ጉልት ቀበሌ ሥራ አስኪያጅ፣ የ«ጤናማና ለአካባቢ ተስማሚ ቤት» ዘመቻ ሰብሳቢ
ባሉበት
ፍኖተ ሰላም፣ ጥቅምት 2003 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ ቤታችንን ጤናማ ስላደረጉልን ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፤ ሰላምታዬን ከማቅረቤ በፊት ለአንባቢዎቼ አንዲት ሐፍረቴን ላዋያቸውና እመለሳለሁ። ውድ አንባቢዎቼ፣ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ቆሜ ነው። ትናንት ቅዳሜ ወደ ወይራ ጉልት ወርጄ፣ ከፈረሰ ግድግዳ ሥር አንገቴን አስግጌ ሳይ፣ ከእልቂቱ የተረፈች አንዲት ንብ ሴት ልጅ በመጽሔት ላይ ስሙን የማትጽፈው ቦታዬ ላይ ነደፈችኝ። ፍኖተ ሰላም እንደ ተመለስሁ መድኃኒት ቤት ገብቼ፣ ልጁ «የቱ ጋ ነው እትዬ?» ቢለኝ፣ ተሰልፎ የሚጠብቀውን ሰው ሁሉ አየሁና «ትከሻዬን» አልሁት። እሱም ደኅናውን ትከሻዬን በቅባት አሽቶ ሸኘኝ። ትከሻዬ እጅግ ተሽሎታል፤ ወንበር ግን ለጊዜው ጠላቴ ነው።

አሁን ወደ እርስዎ ልመለስ። ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? የግራ ዐይንዎ ተገልጦ ይሆን? ከንፈርዎስ ወደ ቀድሞ ቦታው ተመልሶ መመሪያ ማውረድ ጀምሯል? የጆሮዎ እብጠት ጎድሎ የሕዝብ ድምፅ የሚገባበት ያህል ተከፍቶ እንደ ሆነም ለማወቅ እንጓጓለን። ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም፣ በሚኒባሱም በገበያውም፣ ከእርስዎ ጤና ሌላ የሚወራ ነገር እንደሌለ ስገልጽልዎ በታላቅ አክብሮት ነው።

ዘመቻውን በተመለከተ አቋሜን አስቀድሜ ላስታውቅ። ቤት መስኮት ይኑረው፣ ከብት ከሰው ይለይ፣ ጭስ መውጫ ያግኝ፣ ሽንት ቤት ይቆፈር፣ በዙሪያው ዛፍ ይተከል የሚለውን ትምህርት በዚሁ ዓምድ ላይ ደጋግሜ ያወደስሁት እኔው ነኝ። ጭስ የስንቷን ሴት ዐይን እንዳጠፋ፣ ከጥጃ ጋር ያደረ ሕፃን እንዴት እንደሚያስል አውቃለሁ። በሌላው ቀበሌ ይህ ትምህርት ከቤት ቤት የዞረው በምክር ነው፤ ቢዘገይም በሳቅና በጨዋታ ነው። ወደ ወይራ ጉልት ግን እርስዎ በበቅሎ መጡ፣ ሚሊሻዎቹ በእግር፣ ጤና ደግሞ በመጥረቢያ። ስለዚህ የተደረገልንን ሁሉ አንድ በአንድ አንሥቼ ለማመስገን እንዲፈቀድልኝ እለምናለሁ።

አንደኛ፦ ስለ መስኮቱ።

ማክሰኞ ጠዋት የጎበኙት ቤት የአያ ዘሩ ነው። አንባቢዎቼ እንዲያውቁት ያህል፣ አያ ዘሩ የአክስቴ ልጅ የእትዬ ሀብትነሽ ባል፣ ከሰው ይልቅ ከንብ ጋር ማውራት የሚቀናው ዝምተኛ ገበሬ ነው። ቤቱ ክብ ነው፤ ግድግዳው ወፍራም፣ በጭድና በእበት ደኅና አድርጎ የተለሰነ፣ በክረምት የማይበርድ፣ በበጋ የማይሞቅ። ከብቶቹ በተለየ በረት ያድራሉ። መስኮትም አለው። ጠዋት ፀሐይ እስከ መደቡ የሚያስገባ፣ የእንጨት መዝጊያ ያለው፣ ማንም ተመልካች የማያፍርበት መስኮት። ጥፋቱ መስኮቱ በምሥራቅ በኩል መሆኑ ነው። ክቡርነትዎ የመጡት በምዕራብ በኩል፣ በበቅሎው መንገድ ነው። ቤቱን አንድ ጊዜ ዞሮ ማየት ከኮርቻ መውረድን ስለሚጠይቅ፣ ለአንድ ኃላፊ የማይገባ ድካም መሆኑን ሁላችንም እንረዳለን።

በምዕራቡ ግድግዳ ላይ ያዩት ጡጫ የማታስገባ ክብ ቀዳዳ ነበረች። ያቺ የቀፎ አፍ ናት። በዚያ ቀዬ ንብ አርቢ ቀፎውን በግድግዳው ውስጥ አጋድሞ ይለስነዋል፤ አፉ ወደ ደጅ፣ ቂጡ ወደ ቤት። ንቦቹ በደጅ በኩል ይመላለሳሉ፣ ባለቤቱ በቤት በኩል ማሩን ይቆርጣል፤ ሌባ አይደርስበትም፣ ውርጭም አይነካውም። ከተማ ላደገ ሰው ይህን አለማወቅ ነውር አይደለም። እርስዎም ከበቅሎዎ ላይ ሆነው አለንጋዎን ወደ ቀዳዳዋ ዘርግተው፣ «ይኸ ሰውዬ በመንግሥት ሊያሾፍ ነው። ይቺን ቀዶ መስኮት አለኝ ሊል። አስፉለት» አሉ።

ሚሊሻ ቢሆነኝ የዚያው የቀዬው ልጅ ነው፤ ከዚያው ግድግዳ የተቆረጠ ማር እየላሰ ያደገ ነው። «ይቺን ነው ጌታዬ?» አለ። «ይቺን ነው» አሉት። «ይቺኑ?» አለ። «መመሪያ ትከራከራለህ?» አሉት። ባለፈው ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ አንዲት ጥያቄ የጠየቀ ሰው «ጸረ ልማት» ተብሎ ማዳበሪያ እንደ ተነፈገ ቢሆነኝ አልረሳም። ስለዚህ ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ ራሱንና ፊቱን ጠመጠመ፤ ዐይኑን ብቻ አስቀረ፤ እጅጌውን እስከ ጣቱ ጫፍ ሳበ። ሁለቱ ጓደኞቹም እያዩት እንዲሁ ተጠመጠሙ። እርስዎ «ምነው፣ ብርዱ ጠናባችሁ?» ብለው ሣቁባቸው። የአለቃን ቃል ማረም ነውር ሆኖብን ያደግን ሰዎች ነንና፣ «እርስዎም ይጠምጥሙ» ያለዎት አንድ ሰው አልተገኘም። ስለዚህ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ሁለተኛ፦ ስለ ንቦቹ።

የመጀመሪያው ምት ልስኑን አወረደው፤ የሚቀጥለው ቀፎውን ከወገቡ ሰነጠቀው። ጥቅምት ነው፤ ኑጉ አብቧል፣ ቀፎው ሙሉ ነው፣ ንብ በማሩ ላይ የማትታገሥበት ወር ነው። በቅሎዎ መጀመሪያ ደርቃ ቆመች። አፍንጫዋ በንብ ሲለበስ በኋላ እግሮቿ ተነሥታ እርስዎን ከእሾህ አጥሩ ላይ ወረወረችዎ፤ ከነኮርቻዋ መሬት ላይ ተንከባለለች፤ ተነሥታም በጭፍን ጋልባ ከገደሉ ገባች። አንገቷ ሲሰበር ከወንዙ ዳር ልብስ ያጥቡ የነበሩ ሴቶች ሰምተውታል።

ቢሆነኝ መጥረቢያውን ጥሎ ሸሸ። ከሚሊሻዎቹ አንዱ ግን ግዳጁን አልዘነጋም፤ ክላሹን አቀባብሎ በንቦቹ ላይ ተኮሰ። የሞተች ንብ መኖሯ አልተረጋገጠም። ጥይቱ ግን ግድግዳውን አልፎ የእትዬ ሀብትነሽን ጎታ በሳው፤ የዓመት ቀለቧ የሆነው ጤፍ እየተንዠቀዠቀ ወለሉን አለበሰው። እትዬ ሀብትነሽ ያን ጊዜ ከቤት ውስጥ ነበረች። በደጅ በኩል እርስዎን የጎበኘው ንብ ግማሹ ነው፤ ግማሹ በቀፎው ቂጥ በኩል ወደ ቤት ፈስሶ በእሷ ላይ ሠፈረ። ራሷን የእህል ስልቻ ውስጥ አግብታ፣ ከላይ ጥይት እየጮኸ፣ ግድግዳ ለግድግዳ እየዳበሰች ወጣች። ቅዳሜ ሳገኛት ፊቷ ኩፍ እንዳለ ሊጥ ሆኖ አፍንጫዋ ጠፍቶብኝ ቆምሁ። «ያምሮትዬ፣ አለየሽኝም?» ስትለኝ ነው በድምፅዋ ያወቅኋት። ከዚያ እኔ ሳለቅስ እሷ ሣቀች፤ «ተይ፣ እኔ እኮ መስታወት የለኝም፤ የምታይው አንቺ ነሽ የተጎዳሽ» አለችኝ።

ሦስተኛ፦ ስለ ውሻው።

ስለ አያ ዘሩ ውሻ የምለው የለኝም። ታስሮ ነበር።

አራተኛ፦ ስለ ሽንት ቤቱ።

እዚህ ላይ ምስጋናዬ ከልብ ነው። ከእሾህ አጥሩ ወርደው በእጅና በእግርዎ እየዳሁ የደረሱበት ሽንት ቤት፣ አያ ዘሩ ካቻምና በትምህርቱ መሠረት የቆፈረው ነው። በሩ ግጥም ብሎ ይዘጋል፤ ጉድጓዱ ክዳን አለው፤ የአየር መውጫው በወንፊት የተሸፈነ ስለሆነ ዝንብ እንኳ አይገባበትም። ንብም አልገባበትም። ክቡርነትዎ ፀሐይ አናት ላይ እስክትደርስ ከውስጡ ቆይተው ወጡ። በወረዳችን እንዲህ በጥልቀት የተጎበኘ ሽንት ቤት ስለ መኖሩ ሰምቼ አላውቅም። ጎረቤቲቱ ንግሥቴማ ቅናት ይዟት በቡሬ ገበያ መካከል ቅቤዋን ዘርግታ፣ «እኔም ቆፍሬ፣ ክዳን ሠርቼ፣ በአመድ አጽድቼ ዓመት ሙሉ ጠበቅሁ፤ አንድ ሹም ብቅ አላለልኝም። የዘሩን ግን እንግዳው ተቀምጦ ምሳ ሰዓት አሳለፈበት» እያለች ገዢውን ሁሉ ስታስቅ ዋለች።

አምስተኛ፦ ስለ አያ ዘሩ ክንድ።

ተኩሱን ሰምቶ ከኑግ ማሳው እየሮጠ የመጣው አያ ዘሩ ነው። ኩበት አቀጣጥሎ፣ በጭሱ እያባበለ፣ የተቆጣውን ንብ ከደጁ ላይ ቀስ በቀስ አነሣው። ከዚያም ወደ ሽንት ቤቱ በር ቀርቦ፣ «ጌታዬ፣ አይፍሩ፣ ዘሩ ነኝ፤ ራስዎን ይሸፍኑ» አለዎት። የሚሸፍኑበት ስለሌለዎት የራሱን ጋቢ ከላዩ ገፎ አለበሰዎት፤ እንደ ሙሽራ ተሸፋፍነው፣ ክንዱን ይዘው፣ ንግሥቴ ቤት ገቡ። እሱ እርቃን ጀርባውን ነበር። ቅዳሜ ጀርባውን በታሰረበት በር ስንጥቅ አይቼዋለሁ።

ንግሥቴ ውኃ ሰጠችዎ። ጠጡ። ቀኝ ዐይንዎ ተገለጠ። የመጀመሪያ ቃልዎ «ይኸን ያደረገው ሆን ብሎ ነው፤ ያዙት» የሚል ነበር።

የመታው ሸሽቶ የተመለሰው ቢሆነኝ ነው። በክላሹ ሰደፍ ጀርባውን፣ ጎኑን፣ ጉልበቱን መታው። አያ ዘሩ ግትር ሆኖ ሳይሆን፣ ለምን እንደሚመታ ስላልገባው፣ ቆሞ ያያቸው ነበር። ቢሆነኝ እየመታ ያለቅሳል፤ እያለቀሰም ከጥርሱ ሥር «አያ ዘሩ፣ ውደቅልኝ፤ ተው ውደቅልኝ» ይለዋል። ቢወድቅ ማቆም ይችል ነበርና። ሰደፉ ወደ ራሱ ሲመጣ አያ ዘሩ ክንዱን አነሣ። ንግሥቴ የደረቀ እንጨት የተሰበረ መስሏት ወደ ጣራዋ ቀና ብላ እንዳየች ነገረችኝ። ያ ክንድ ትንሽ ቀደም ብሎ እርስዎ ተደግፈው የወጡበት ክንድ ነው። ይህን የማነሣው ለወቀሳ አይደለም፤ ምናልባት ጋቢው ዐይንዎን ሸፍኖት ስለነበር የማን ክንድ እንደ ሆነ አላዩት ይሆናል ብዬ ነው።

ስድስተኛ፦ ስለ ፍርድዎ።

አያ ዘሩ «ንብ በማሰማራት የልማት ሥራን በማደናቀፍ» ተብሎ ከቀበሌው መጋዘን ታስሯል። ቤቱም «ለጤና ጠንቅ» ስለ ተባለ እስከ ሐሙስ በገዛ እጁ እንዲያፈርሰው ታዝዟል፤ ካላፈረሰ የዘመቻው ቡድን ያፈርስለታል። ቤቱ እስኪፈርስ ከመጋዘን አይወጣም፤ ከመጋዘን ሳይወጣም ሕክምና አያገኝም። እስረኛ ከእስር ሳይወጣ፣ በተሰበረ ክንድ፣ ከመጋዘኑ ራቅ ብሎ ያለ ቤቱን እንዴት እንደሚያፈርስ የሚያስረዳ መመሪያ ካለ ቢልኩልን አንባቢዎቼ ይማሩበታል።

ክንዱን እትዬ ሀብትነሽ በሁለት ፍልጥና በመቀነቷ ቁራጭ አስራዋለች፤ በስንጥቁ በኩል እጇን አሾልካ፣ ሳታየው፣ በዳሰሳ። ጣቶቹ መጥቆር ጀምረዋል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ግን የጠቆረ ጣት ምን ማለት እንደ ሆነ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

ከዚያው በር ቆሜ የዘመቻዎ መሥፈርት ትዝ አለኝና መጋዘኑን በእሱ ለካሁት። መስኮት የለውም። አየር መውጫ የለውም። ወለሉ የፈሰሰ ማዳበሪያ ስለሆነ ዐይን ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ይከረክራል። ሽንት ቤት የለውም፤ ባልዲ አለ። አይጥ ከሰው አልተለየችም። በዙሪያው አንዲት ዛፍ የለችም፤ የነበረችውን ለጽሕፈት ቤቱ ሰንደቅ ዓላማ መስቀያ ቆርጣችኋታል። ክቡር ሆይ፣ በዚያ ቀበሌ ውስጥ መጥረቢያ ተይዞ መስኮት ሊከፈትለት የሚገባ ቤት ካለ ያው ነው፤ ዞሬ አይቼዋለሁ፣ በአራቱም በኩል ከበሩ ስንጥቅ በቀር አንድ ቀዳዳ አላገኘሁበትም። ከወይራ ጉልት ቤቶች ሁሉ ጤናማውን ሊያፈርሱ ባለቤቱን ጤና በሌለው ቤት አሰሩት።

እስካሁን የጻፍሁትን እየሣቁም ቢሆን ያነበቡት ይመስለኛል። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን ቁጭ ብለው እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ፤ መቀመጥ ለሚችል ሰው።

የአያ ዘሩ ወንድሞች ከግሽ ዓባይ በኩል መጥተዋል። ታላቁ ባምላኩ ይባላል። ንግሥቴ ግቢ ውስጥ ተቀምጠው ጠመንጃቸውን ሲወለውሉ አየሁ፤ ሰላም ስላቸው ተነሥተው ጉልበቴን ሊስሙ አጎነበሱ፤ ጨዋዎች ናቸው። ጨዋነታቸው ነው ያስፈራኝ። የሚፎክር ሰው ቢሆን ይቀልለኝ ነበር። የደብሩ አስተዳዳሪ ቄስ ገብረ ኢየሱስ መስቀላቸውን ይዘው ከመካከላቸው ገብተው፣ እስከ ሐሙስ ጠዋት እጃቸውን እንዳያነሡ አስምለዋቸዋል። ባምላኩ መስቀሉን ስሞ የተናገረውን እኔው ከአጠገቡ ቆሜ ሰምቻለሁ። «አባ፣ እስከ ሐሙስ የእርስዎ ነኝ። መጥረቢያው ግድግዳውን ከነካ ግን የወንድሜ ነኝ» አለ። ቄሱ መስቀሉን በነጠላቸው ጠቅልለው ቆሙ።

እርስዎ በዚያ ቀን ከበስተኋላ፣ በሌላ በቅሎ ላይ እንደሚሆኑ እናውቃለን። ከግድግዳው ሥር መጥረቢያ ይዞ የሚቆመው ቢሆነኝ ነው፤ መጀመሪያ የሚወድቀውም እሱ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ የቢሆነኝ ወንድሞች አሉ። የባምላኩ ልጆች አሉ። ለአንዲት መስኮት የተጀመረው ነገር ወዴት እንደሚያመራ በዚያ አገር የኖረ ሁሉ ያውቀዋል፤ በየቤቱ እንደዚህ ከቀላል ነገር በተጀመረ ጠብ የቀረ ሰው አለ። መሸሸጊያ ካሰቡም፣ የሽንት ቤቱን ቁልፍ እትዬ ሀብትነሽ በመቀነቷ ቋጥራ እንደምትውል በአክብሮት አሳውቃለሁ።

ስለዚህ በትሕትና የምለምነው ይህን ነው፦ አያ ዘሩ ዛሬ ነገ ሳይባል ወጥቶ ወደ ሕክምና ይወሰድ፤ የማፍረሱ ትእዛዝ ይነሣ። ከተቻለም ክቡርነትዎ አንድ ቀን በእግርዎ መጥተው ቤቱን ይዙሩት። ሩቅ አይደለም፤ ክብ ቤት ነው፣ ከጀመሩበት ይመልስዎታል።

ለወይራ ጉልት ሕዝብ ጤና በአካልም በበቅሎም ለከፈሉት መሥዋዕትነት ያለኝን ወሰን የሌለው አድናቆት እየገለጽሁ፣ የፊትዎ ቅርጽ ወደ ቀድሞ ግርማው እንዲመለስ፣ የልብዎም እብጠት አብሮት እንዲጎድል ሌት ተቀን የምመኝ፣ ትእዛዝዎን ሁሉ በጋቢ ተጠምጥሜ የምጠባበቅ ታዛዥዎ፣

ያምሮት ሃይለ ሚካኤል

ግልባጭ፦
ለእትዬ ሀብትነሽ፣ ሰው እንዲያነብላት
ለቡሬ ገበያ ቅቤ ተራ
ለቄስ ገብረ ኢየሱስ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ለማተሚያ ቤት ልሰጥ ስል ንግሥቴ ከኮረብታው ላይ ወጥታ ደወለችልኝ። ሚሊሻ ቢሆነኝ ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ መጥረቢያውን ከጽሕፈት ቤትዎ በር አስደግፎት፣ ክላሹንም ለቀበሌው መልሶ ወደ ቤቱ ሄዷል። ጓደኞቹም ተራ በተራ ተጠርተው፣ አንዱ ወገቤን፣ አንዱ እናቴ ታማለች ብለው መጥረቢያውን ሳይነኩት ወጥተዋል። ከቀበሌው ሁሉ የሚያነሣው ሰው ጠፍቷል። እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ቤቱ ሐሙስ የግድ የሚፈርስ ከሆነ መጥረቢያውን የሚይዙት እርስዎ ራስዎ ነዎት፤ ከባምላኩ ፊት የሚቆሙትም እርስዎ ነዎት። እኔ ረቡዕ እወርዳለሁ፣ ሐሙስ ጠዋት ከግድግዳው ሥር ከሴቶቹ ጋር እቆማለሁ። መጥረቢያውን አንሥተው እንደመጡ ወይም ከበርዎ ላይ ትተውት የመጋዘኑን ቁልፍ ይዘው እንደመጡ፣ ያየሁትን ምንም ሳልጨምርበት በዚሁ ገጽ እጽፈዋለሁ፤ እኔ መጻፍ ካልቻልሁ ንግሥቴ ተናግራ ሌላ ሰው ይጽፈዋል።